የይዞታ ደብተሩ ሁለተኛ መስመር



የሴቶችን እኩልነት ለማስፈን በኢትዮጵያ የወጡት ዐዋጆችና ፖሊሲዎች በቁጥር ጥቂት አይደሉም። አከራካሪው ጉዳይ በነጋሪት ጋዜጣ የሰፈረው ቃል ከገበሬው ጎጆ ሲደርስ ምን ኀይል ይኖረዋል የሚለው ነው። ይህንን ለመመርመር ከገጠር መሬት ምዝገባ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግግ እንደነበር የታወቀ ነው። የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 31 ግን የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ መሬቱን ራሱ ሊያርስ ለፈቀደ ሁሉ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ እንዲሰጠው አዘዘ። በቃሉ ላይ እንከን አይገኝበትም። ይሁን እንጂ ድልድሉ የተካሄደው በቤተሰብ፣ በገበሬ ማኅበሩም መዝገብ የሚጻፈው የአባወራው ስም ስለነበረ፣ ባለትዳሯ ሴት በባሏ ስም ተሸፍና ቀረች። ባሏ የሞተባት ሴት እማወራ ተብላ በስሟ ስትመዘገብ፣ ባል ያላት ግን ስም አልነበራትም። መዝገብ ውስጥ ለመግባት ባል መሞት ነበረበት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቈጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የባልን የበላይነት ሽሮ፣ የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማከራየት እንኳ የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አስፈላጊ መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው።

አሁን ወደ ቅጹ እንመለስ። በትግራይ ምዝገባው በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የምስክር ወረቀቱ የተዘጋጀው በቤተሰቡ አስተዳዳሪ ስም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአማራ ክልል የተዘጋጀው የይዞታ ደብተር ግን ለባልና ለሚስት ስም፣ ለሁለቱም ፎቶግራፍ ቦታ ነበረው። ሁለቱም ክልሎች የሚተዳደሩት በአንድ ሕገ መንግሥት ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ቅጹን የነደፈው ባለሙያ እጅ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 456 የጋራ ይዞታ የምስክር ወረቀት በባለይዞታዎቹ ሁሉ ስም እንዲዘጋጅ ሲያዝ፣ ያ ሁለተኛ መስመር የአገር ሕግ ሆነ።

የመስመሩ ዋጋ የሚታየው ትዳር ሲፈርስ ነው። በብዙው የአገሪቱ ክፍል ሙሽራይቱ ወደ ባሏ ቀዬ ትሄዳለች፤ መሬቱም ከባሏ ወላጆች የመጣ ስለሚሆን፣ በፍቺ ጊዜ ሽማግሌዎች ከብቱንና እህሉን ያካፍሉና መሬቱን «የአባቱ ነው» ብለው ይተዉታል። ስሟና ፎቶግራፏ በደብተሩ ላይ የሰፈረ ሴት ግን ክርክሩን የምትጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ባለመብትነቷን በምስክር የማስረዳት ሸክም አይኖርባትም፤ ይልቁንም የሚቃወማት ወገን ለምን በደብተሩ እንደተጻፈች ማስተባበል ይኖርበታል። ከዚህም በላይ፣ ፊርማዋ ሳይገኝ መሬቱን በስውር ማከራየት ለባልየው አስቸጋሪ ይሆናል።

ነገር ግን ፖሊሲው ከእርሻው ዳር ሲደርስ ቆሟል። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ሴት አጭዳ፣ አርማ፣ ጎልጉላ፣ ዘር አዘጋጅታ ስታበቃ፣ ሞፈር ጨብጣ በሬ ጠምዳ ማረስ ግን እንደ ነውር ይቈጠርባታል። ስለሆነም ከትዳሯ የተለየችው ሴት የመሬቱን እኩሌታ ብታስከብርም፣ ወንድ ልጅ ወይም ወንድም ካልደረሰላት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። እርሱም አስቀድሞ የራሱን ያርሳል፤ የእርሷ ተራ የሚደርሰው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ምርቱም ሲገኝ ተካፍለው ነው። መብቱ ሙሉ፣ እህሉ ግን ጎዶሎ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ክፍተት የምዝገባ ባለሙያው ብቻውን ሊሞላው አይችልም፤ የእርሻና የብድር መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው፤ እነርሱም ብዙ ጊዜ ገበሬ ሲሉ ወንዱን ማለታቸው ነው።

በ1997ቱ ዐዋጅ ምትክ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1324/2016 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ መፍቀዱ ለዚህ አንድ መንገድ ሊከፍት ይችል ይሆናል። ደብተሩ የሁለት ሰዎች ከሆነ በብድሩም ውል ላይ የሁለቱም ፊርማ መስፈሩ አይቀርም። በብድሩ የተገዛው በሬ ግን ደብተር የለውም፤ በፍቺ ዕለትም የማን እንደሆነ የሚጠየቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው።