ከመቅደላ እስከ ላሆር

በየማለዳው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ጋውን የደረቡ የሕክምና ተማሪዎች ለጠዋቱ የበሽተኞች ጉብኝት (ራውንድ) ይሯሯጣሉ። የበሽተኛውን ታሪክ አስቀድሞ ያላጠና፣ የመምህሩ ጥያቄ ሲመጣ መግቢያ ያጣል።

በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ምሩቅ የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግን ትምህርታቸውን ያገኙት ባሕር ማዶ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለቀሩ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመርቀው፣ ቆይተውም ስኮትላንድ ሄደው ተጨማሪ ትምህርት ተከታተሉ።

ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛው ጠፍቷቸዋል።

አያታቸው ግን ለዩዋቸው። እንዴት? ከልጅነት ገላቸው ላይ በቀረ ጠባሳ! የሰውን አካል መርምሮ በሽታ የሚለየው ሐኪም፣ በተራው አካሉ ተመርምሮ የማን ልጅ እንደሆነ ታወቀ።

በአገር ቤት ግን የጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተው ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በአዲስ አበባ ሐኪሞችን በዩኒቨርሲቲ ማስተማር የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ዛሬ የመጨረሻ ዓመት ተማሪው፣ ኢንተርኑ፣ ቁስል ሲያጥብ፣ ሲሰፋና ደም ሲቀዳ ያድራል። ንጋት ላይ ዓይኑ ቀልቶ ከአልጋ አልጋ ሲዞር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው እናት ቀና ብለው ቀድመው ይጠይቁታል፦ «ዶክተርዬ፣ ቁርስ ቀምሰሃል?»