መሬት የምትንቀጠቀጥበትን ቀን የሚያውቅ አለን?

(በመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ፕሮግራም ከቃሊቲ ለሚከታተሉ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ንዝረቱ እኛም ዘንድ ደርሶ ነበር። በዚያ ሰሞን አንዲት የማታ ተማሪ እናት ደብተራቸውን እንደያዙ፣ «ልጄ፣ ዛሬ ሌሊት በስድስት ሰዓት ትልቁ ይመጣል ይላሉ፤ ልጆቹን ይዤ ሜዳ ልደር ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የዛሬው ንግግሬ ለእሳቸው የሰጠሁት መልስ ነው።

እማማ፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም።

የት እንደሚሆን ግን በብዙው ይታወቃል። አገራችንን አቋርጦ የሚያልፈው ስምጥ ሸለቆ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ቃሊቲም የምትገኘው በዚሁ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። በ1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናውጧል። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈርሳለች፤ በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬም ተጎድታለች። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የአፋሯ ሰርዶ ፈረሰች።

ታዲያ ቀኑ ለምን አይታወቅም? እንጨት ይዘን ብናጎብጠው መሰበሩ አይቀርም፤ በየትኛው ቅጽበት ቀጭ እንደሚል ግን አናውቅም። ከመሬት በታች ያለው ዐለትም እንዲሁ ነው። በ2017ቱ መንቀጥቀጥ የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች ስንጥቅ እየከፈተ ሲገባ ሊቃውንት በሳተላይት ተከታትለዋል። ቀጣዩ ትልቅ ንዝረት በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ግን መናገር አልቻሉም።

በቻይና በ1967 ዓ.ም. ሃይቼንግ በምትባል ከተማ ትንንሽ ንዝረቶች ስለቀደሙ ብዙ ሕዝብ ከቤት ወጥቶ ተረፈ። ዓለም «ምስጢሩ ተገኘ» አለ። በዓመት ተመንፈቅ ግን በታንግሻን ያለ ማስጠንቀቂያ መሬት ተናወጠች፤ ከ240,000 በላይ ሕዝብ አለቀ። በጃፓንና በሜክሲኮ ያሉት መሣሪያዎችም ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት መንቀጥቀጡ ከጀመረ በኋላ ነው። ጠንካራው ሞገድ እስኪደርስ የሚገኘው ጊዜ በሰኮንድ የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ ወሬ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን አለ? በምን አወቀ? ለምንስ ሰዓቱን ቆርጦ ተናገረ? ሰዓት ቆርጦ የሚነግራችሁን አትመኑ።

ይህ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ሰውን በብዛት የሚገድለው የሚናደው ቤት ነው። ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤት ባለሙያ ሳያየው አይታደርበት። ቁም ሣጥንን ከግድግዳ ጋር እሰሩ፤ ከባድ ዕቃ ከመኝታ በላይ አትስቀሉ። መሬት ስትናወጥ ከጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ራሳችሁን ከልሉ። ደጅ ከሆናችሁ ከግንብና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቁ። ቤት የምትሠሩም ብትሆኑ፣ በብረትና በሲሚንቶ ላይ የሚደረግ ቁጠባ በኋላ በነፍስ ይከፈላል።

እኚያ እናት ሦስቱን ጥያቄዎች በገዛ እጃቸው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ቤታቸው ስንጥቅ አልነበረውምና ልጆቻቸውን ብርድ ላይ አላሳደሩም። ቁም ሣጥናቸውን ግን በማግሥቱ አሰሩ።

እናንተም ጻፉት፤ ለጎረቤትም አንብቡለት።