ብዙ ዕቃ በአንድ ስልክ
ለአዊ ገበሬዎችና የልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ገበያ አምሽቶ የሚመለስ ገበሬ ቀድሞ ምን ምን ይይዝ እንደ ነበረ አስታውሱ። በእጁ ባትሪ፥ በክንዱ ሰዓት፥ በትከሻው ሬዲዮ፥ በመቀነቱም የቋጠረው ብር ነበረ። ሒሳብ ማስሊያው ደግሞ በነጋዴው እጅ ነበረ። ዛሬ ይህ ሁሉ በአንዲት የእጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ነገሩ መልካም ነው፤ ሸክም ያቀልላል፥ የባትሪ ድንጋይ መግዣም ያተርፋል። ዳሩ ግን ዕቃዎቹ በየራሳቸው በነበሩ ጊዜ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይቀሩ ነበር፤ አሁን ስልኳ ስትጠፋ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጠፋሉ። አባቶቻችን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። እንግዲህ የትኛውን ሥራ ለስልክ እንስጥ፥ የትኛውንስ ከስልክ ውጭ እናቆይ?

የስልክ መብራት መንገድ ለማየት ይበቃል። ነገር ግን ላም በሌሊት ምጥ ሲጠናባት ረዥም ጊዜ ማብራት ያስፈልጋል፤ የስልኩ ኃይል በዚያ ካለቀ የእንስሳት ሐኪሙን በምን ትጠሩታላችሁ? ይልቁንም በአዊ ደጋ ክረምቱ ዳመና ስለሚበዛበት በጸሐይ ኃይል የሚሞላ ስልክ ቶሎ አይሞላም። ስለዚህ የእጅ ባትሪያችሁን አትጣሉ። ሬዲዮውንም እንደዚሁ፤ በስልክ ውስጥ ያለው ሬዲዮ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ ኤምን ብቻ ነው፥ አሮጌው ሬዲዮ ግን መካከለኛውንና አጭሩን ሞገድ ይስባል። ሰዓቱ ቢቀር ግድ የለም።

ማስሊያውን ግን ሳታመነቱ ለስልክ ስጡት። ሰባት ኩንታል ከአርባ ኪሎ ድንች በኪሎ 18 ብር ብትሸጡ 740ን በ18 ማባዛት ነው፤ 13,320 ብር ይሆናል። ነጋዴው 13,020 ቢላችሁ 300 ብር ጎድሏል ማለት ነው፤ ይህንንም እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ቆማችሁ ታሳዩታላችሁ። በእኔ አስተያየት ስልክ ለገበሬ ከሰጠው ጥቅም ይህ ከሁሉ አይተናነስም።

ምክር መጠየቅም እንደዚሁ ቀልሏል። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፥ ዛሬ ኢንስቲትዩት የተባለው፥ በ2006 ዓ.ም. ባቋቋመው የ8028 መስመር ያለ ክፍያ ደውሎ ስለ አዝመራ የተቀረጸ ትምህርት መስማት ይቻላል። ለዚህ ተራው ባለቁልፍ ስልክ ይበቃል። አማርኛ ለማይቀናቸውና በአውኚ ለሚያዳምጡ ሽማግሌዎች የልማት ሠራተኛው አብሮ ሰምቶ ቢያስረዳቸው ደግ ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ያለው ደግሞ የታመመውን የድንች ቅጠል ፊቱንም ጀርባውንም አንሥቶ ይላክ፤ ከሩቅ የተነሣ የማሳ ሥዕል ብቻውን በሽታውን አይገልጥም። ላኪው የተዘራበትን ቀንና የዘሩን ዓይነትም ይጨምርበት።

አሁን ወደ ገንዘብ ልምጣ፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው በዚህ ነውና። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ብሩን በስልክ ይቀባበላል። በገበያ መንገድ ጥሬ ብር ተሸክሞ ከማምሸት ይህ ይሻላል። ነገር ግን አንድ በሬ ገዥ «ልኬልሃለሁ» ብሎ የራሱን ስልክ ቢያሳያችሁ፥ ወይም ገንዘብ ገባ የሚል መልእክት ወደ እናንተ ቢመጣ፥ በዚህ ብቻ ገመዱን አትልቀቁ። ሥዕልም መልእክትም ሐሰት ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ስልክ *127# ብላችሁ ሒሳባችሁን ተመልከቱ፤ ብሩ በሒሳቡ ላይ ከታየ በሬው ይሂድ፥ ካልታየ ይቁም። መረቡ ደካማ ከሆነም መረብ እስኪገኝ መቆየት ነው፤ ቸኮልኩ የሚል ገዥ ጥሬ ብር ይክፈል።

የምስጢር ቁጥራችሁንም ለማንም አትንገሩ፤ ከቴሌ ነኝ ብሎ ለሚደውልም ቢሆን። ማንበብ የማይችል ሰው ቁጥሩን ለማያውቀው ወጣት ሰጥቶ «አንተ ላክልኝ» ማለቱ ልማድ ሆኗል፤ ይህ የጎተራን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። የልማት ሠራተኞችም ብትሆኑ ገበሬው ሲያምናችሁ ቁጥሩን አትቀበሉ፤ ራሱ እንዲነካ አስተምሩት። ሚስትና ባል አንድ ስልክ የሚጋሩበት ቤት ደግሞ ባል ወደ ገበያ ሲሄድ ብሩም፥ የሐኪሙ ቁጥርም፥ መብራቱም አብረውት ይሄዳሉ። ቢቻል ለእናትየዋ በስሟ የተመዘገበ ሌላ ተራ ስልክ ይኑራት፤ ባይቻል ጥቂት ጥሬ ብርና የእጅ ባትሪው በቤት ይቅሩ።

በመጨረሻ አንዲት ደብተር ግዙ። የልማት ሠራተኛውን፥ የጤና ጣቢያውን፥ የእንስሳት ሐኪሙንና የዘመድ ቁጥር ጻፉባት። በስልኩ ላይ *#06# ስትነኩ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ እርሱንም ጻፉ። ስልኩ ከጠፋ በሌላ ሰው ስልክ ወዲያው 127 ደውላችሁ የቴሌብር ሒሳባችሁን አሳግዱ፤ ቀጥሎም መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ቢሮ ሄዳችሁ ሲም ካርዱን አስተኩ። የምስጢር ቁጥሩን ግን በደብተሯ አትጻፉ፤ ደብተሯንም አይጥና ዝናብ ከማይደርስበት ሣጥን ውስጥ አኑሯት።