የእህል መኪና ይፈተሽ እንጂ አይታገድ
(ለጀመዓ የተደረገ ንግግር)





ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከዚህ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣውን መንገድ ይመለከታል። መንገዱ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዶ፣ በአዲአርቃይና በማይጠብሪ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ይገባል። ሰላም ሲሆን የነጋዴ መንገድ ነው። ጦርነት ሲመጣ ግን ወታደሩም፣ ተፈናቃዩም፣ የእርዳታ ስንዴውም የሚያልፉት በዚሁ አንድ መንገድ ነው። ታዲያ መሣሪያ የያዘው ወገን «ለጸጥታ ነው» ብሎ እህሉን እስከ መቼ ማቆም ይችላል?

የጸጥታውን ስጋት አቅልዬ አላየውም። ሐምሌ 2013 የሕወሓት ኃይሎች ወደ ሰሜን ጎንደር ሲገቡ የአዲአርቃይ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰዷል። በነሐሴ መጨረሻ ዳባት አጠገብ ጭና ላይ ሰላማዊ ገበሬዎች ተገድለዋል። ይህ የደረሰበት ሕዝብ «መኪናው ምን ጭኗል?» ብሎ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? ነሐሴ 18 ቀን 2014 ደግሞ መቀሌ ከሚገኘው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን 12 ቦቴ ነዳጅ፣ 570 ሺህ ሊትር፣ በታጣቂዎች ተወስዷል። ድርጅቱ ራሱ የተናገረው ነው።

ይሁንና ሌላውን ገጽ ደግሞ እንየው። በሰኔ 2013 መጨረሻ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በጎንደር በኩል ወደ ትግራይ እርዳታ የገባው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ ኅዳር 2015 ነው። አንድ ዓመት ከአምስት ወር! ናፍጣ ታንክ ያስነሳል፤ ስለዚህ ይለካ፣ ይቆጠር፣ የት እንደገባ ይጠየቅ። ለሕፃን የሚሰጥ አልሚ ምግብ ግን ታንክ አያስነሳም። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ጥንቃቄ አይባልም።

ይህ በሌላ ሰው ላይ ብቻ የደረሰ የሚመስለው ካለ ጃን አሞራን ይጠይቅ። ሰኔ 2015 የእርዳታ እህል ተሰርቆ መገኘቱ ሲታወቅ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እደላ አቆሙ። ለወራት ቆመ። በዚያው ክረምት ጃን አሞራና በየዳ በድርቅ ተመቱ። ሐምሌ 28 ደግሞ በክልላችን ውጊያ ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገዱም ተዘጋ። የበየዳ ገበሬ አልሰረቀም፣ አልተኮሰም፤ የተቀጣው ግን እሱ ነው። ከዚያ ወዲህም መንግሥት በኬላ፣ ፋኖ «መኪና አይንቀሳቀስ» በሚል ትእዛዝ መንገድ ሲዘጉ አይተናል። ለተራበ ሰው የዘጋበት ማን እንደሆነ ልዩነት የለውም።

ለዚህ ጉዳይ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሱማማ ኢብን ኡሳል የየማማ አለቃ ነበር። ከሰለመ በኋላ ወደ መካ የሚሄደውን እህል አገደ። መካዎች ተራቡ፤ ዝምድናቸውን ጠቅሰው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጻፉ። ቁረይሽ ያኔ ገና ጠላት ነበር፤ ሙስሊሙን ከቤቱ ያባረረ፣ የተዋጋ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን እህሉን እንዲለቅላቸው ለሱማማ እንደላኩበት የሲራ መጻሕፍት ዘግበዋል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛ ፕሮቶኮል በአገር ውስጥ ጦርነት ሰላማዊውን ሕዝብ ማስራብን የውጊያ ስልት ማድረግ ይከለክላል። ስለዚህ የምንጠይቀው ውለታ አይደለም።

ምን እንጠይቅ? መኪናው አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ይፈተሽ፤ ከዚያ ታሽጎ ይለፍ። በየኬላው እንደገና ማራገፍ ፍተሻ ሳይሆን ማጉላላት ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጃን አሞራ ጥርጊያ ጭቃ ሆኖ መኪና አያሳልፍም፣ የዘገየ እህል እንዳልተላከ ይቆጠራል። ጥርጣሬ ካለ ተጠርጣሪው ይያዝ፣ ጭነቱ ይቀጥል። ወታደርም ታጣቂም በእርዳታ መኪና አይሳፈር፤ አንድ ቀን ከተሳፈረ ከዚያ በኋላ ሹፌሩ ዒላማ ነው።

ከራሳችንም የሚጠበቅ አለ። ሰደቃ በምናከማችበት ክፍል መሣሪያ አይቀመጥ፣ የማንም ወገን ይሁን፤ «የኛ ልጅ ነው» የሚባል ነገር የለም። እደላው በችግር እንጂ በሃይማኖት አይሁን። በዚህች ከተማ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ቀብር ላይ የነበሩ ወንድሞቻችን ተገድለዋል፤ ፍትሕ መጠየቃችንን አናቆምም። ነገር ግን ያንን በደል ከአዲአርቃይ የተፈናቀለች ክርስቲያን እናትን ከሰልፍ ለማስወጣት ምክንያት ልናደርገው አንችልም።

ከዒሻ በኋላ ኮሚቴው መዝገቡን ይዞ እዚሁ ይቆያል። ተፈናቃይ ያስጠጋችሁ የቤተሰቡን ቁጥርና የሕፃናቱን ዕድሜ አስመዝግቡ፤ ሃይማኖት የሚል ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።