የአገልግሎት ጥራት መመሪያና የኔትወርክ መሣሪያ አቅም



የስልክ ድምፅ፣ የሒሳብ ሰነድና የቪዲዮ ምስል በአንድ መስመር መተላለፍ ከጀመሩ ወዲህ መሐንዲሱ «የትኛው ይቅደም?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ሊያልፍ አይችልም። መልሱም የአገልግሎት ጥራት መመሪያ ይባላል። መመሪያው በወረቀት ላይ ሲጻፍ ወሰን ያለው አይመስልም፤ ወደ ስዊቹ ሲገባ ግን እያንዳንዱ መስመር ከተወሰነው ሃርድዌር ላይ ቦታ ይወስዳል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ቦታ እንዴት እንደሚከፋፈልና አስቀድሞ ሳይቆጠር ሲቀር ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ማመልከት ነው።

ሥራው ለሃርድዌር የተሰጠበትን ምክንያት ለመረዳት ጊዜውን ማስላት ይበቃል። 64 ባይት ያለው ትንሹ የኤተርኔት ፍሬም ከመነሻ ምልክቱና ከክፍተቱ ጋር 84 ባይት ይሆናል። ስለዚህ በሴኮንድ 1 ጊጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ በየሴኮንዱ 1,488,000 ያህል ፍሬም ሊደርስ ይችላል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ 672 ናኖሴኮንድ ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት የመመሪያውን መስመሮች በፕሮግራም አንድ በአንድ እያነበቡ መወሰን አይቻልም።

ስለዚህም ብዙዎቹ መሣሪያዎች ቲካም በሚባል ልዩ ሜሞሪ ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ሕዋሱ ዜሮ፣ አንድ፣ ወይም «ማንኛውም ቢሆን» የሚል ዋጋ ይይዛል፤ የፓኬቱ አድራሻ ሲቀርብለትም ከመዝገቦቹ ሁሉ ጋር በአንድ ጊዜ ያመሳክራል። ነገር ግን በቺፑ ላይ ሰፊ ቦታና ብዙ ኃይል ስለሚወስድ መጠኑ ውሱን ነው። ይህንኑ ውሱን መጠን የመንገድ ሠንጠረዥ፣ የደኅንነት ማጣሪያና የጥራት መመሪያ ይሻሙታል።

በሰፊው ሥራ ላይ ውሎ የነበረው የሲስኮ ካታሊስት 3750 ስዊች ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በመደበኛው አከፋፈል ለመንገድ 8,000 ያህል፣ ለደኅንነት 1,000 ያህል፣ ለጥራት ግን 512 መዝገብ ብቻ ይመደብ ነበር። አከፋፈሉን ለመለወጥ መሣሪያውን እንደገና ማስነሣት ግድ ነበር።

መዝገብ የሚያልቀውም ባልታሰበ መንገድ ነው። የቁጥር ክልልን የሚያነጻጽር የተለየ ክፍል በሌለበት መሣሪያ፣ «ከ1024 እስከ 65535 ያለው የፖርት ቁጥር» የሚለው አንድ ሐረግ 6 መዝገብ ይይዛል። ሐረጉ ለላኪውም ለተቀባዩም ከተጻፈ 6 በ6 ተባዝቶ 36 ይሆናል። ሠንጠረዡ ሲሞላ መሣሪያው እንደ አሠራሩ መመሪያውን አይቀበልም፣ ወይም ሥራውን ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ያዛውራል፤ ፕሮሰሰሩም ሸክሙን አይችለውም።

ሁለተኛው ሀብት ፓኬቶች ተራቸውን የሚጠብቁበት ባፈር ነው። በዚያው ስዊች የጥራት አገልግሎቱ እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ የእያንዳንዱ መውጫ የባፈር ድርሻ ለአራት ወረፋዎች በየ25 በመቶው ይከፈል ነበር። ምልክት የሌለው ተራ ትራፊክ ሁሉ በአንዱ ወረፋ ሲጨናነቅ፣ ለቀሩት ሦስት ወረፋዎች የተጠበቀው ቦታ ባዶውን ይቀመጣል። ስለሆነም ጥራትን ለማሻሻል የተሰጠው ትእዛዝ የሚጣሉትን ፓኬቶች ቍጥር ሊያበዛ ይችል ነበር። ጥፋቱ የመሣሪያው አልነበረም፤ ክፍፍሉ ከትራፊኩ ጋር ሳይመዛዘን በመቅረቱ የመጣ ነበር።

ጉዳቱ በመጨረሻ የሚደርሰው በሰው ላይ ነው። የጠፋ ሰነድ እንደገና ይላካል፤ በተለመደው አሠራር 20 ሚሊሴኮንድ ድምፅ የያዘ ፓኬት ግን ዘግይቶ ቢደርስ አይጠቅምም። ተከታትለው ሲጠፉ አስቸኳይ እርዳታ የሚጠይቀው ሰው ቃል ተቆርጦ ይቀራል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በዲሴምበር 1998 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 2474 መሠረት፣ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 64 ዋጋ ሊይዝ የሚችል ባለ 6 ቢት ምልክት ይደረጋል። ትራፊኩ በኔትወርኩ ጠርዝ አንድ ጊዜ ተለይቶ ምልክት ከተደረገበት፣ የውስጡ መሣሪያዎች ረጅሙን መመሪያ መድገም ሳያስፈልጋቸው ምልክቱን አይተው ወረፋውን ይመርጣሉ። ባፈሩም በተለካው ትራፊክ መጠን ሊደለደል ይገባል።

የጥራት መመሪያ አዲስ አቅም አይፈጥርም፤ ያለውን ያከፋፍላል እንጂ። ለአንዱ ቅድሚያ ሲሰጥ ሌላው ይጠብቃል፤ ለሁሉም ቅድሚያ ከተሰጠ ደግሞ ቅድሚያ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ መሐንዲስ በመመሪያው ላይ ከመፈረሙ በፊት የመሣሪያውን መዝገብ፣ ወረፋና ባፈር ሊቆጥር ይገባዋል።