ግማሽ ማራቶን ለማን ነው?

(ከብቸናና ከሞጣ የመጡ ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ማኅበራችን ሊያዘጋጅ ያሰበው የግማሽ ማራቶን ሩጫ ለተመረጡ ፈጣኖች ብቻ ይሁን የሚል አሳብ ቀርቧል። እኛ ከብቸናና ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች በዚህ አሳብ አንስማማም። ምክንያታችንን እንድንገልጽ ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን።

ባገራችን ጎልማሳ ሰው በመንገድ ሲሮጥ ከታየ ወይ መርዶ ይዟል፥ ወይ ከብት ጠፍቶበታል ይባላል። ከዚህ ውጭ የሚሮጥ ካለ ለሜዳልያ የሚሮጥ መሆን አለበት። ደስ ስላለው ብቻ የሚሮጥ መሳቂያ ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ከሳቅ አልፎ ሐሜት ይከተላታል። የሚያስገርመው ግን አበበ ቢቂላ ራሱ በደንቡ አማተር ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ሲፈጽም፥ የዚያን ዘመን የኦሊምፒክ ደንብ ለሯጭ የገንዘብ ሽልማት ይከለክል ነበር። እንጀራውን የሚበላው በክብር ዘበኛ ወታደርነቱ ነበር።

ግማሽ ማራቶን የዚያ እኩሌታ፥ ማለት 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ለተሰንበት ግደይ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በስፔን አገር በቫሌንሲያ ከተማ ይህን ርቀት በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰኮንድ ጨርሳዋለች፤ አንዱን ኪሎ ሜትር ከ3 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መሆኑ ነው። ይህ ለኛ የሚሞከር አይደለም። ዳሩ ግን አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ይገባል። 7 ደቂቃ ደግሞ ለለመደ ሰው እየተጨዋወቱ የሚሄዱበት ሶምሶማ ነው።

ርቀቱስ ቢሆን ለኛ እንግዳ ነውን? ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው አገር፥ የመንገዱ መጠማዘዝ ሳይቈጠር በቀጥታ ቢለካ እንኳ፥ ከሦስት ግማሽ ማራቶን ይበልጣል። መኪና ከመምጣቱ በፊት ሰው ይህን በእግሩ ነበር የሚወጣው። እኛም ብንሆን ብዙዎቻችን የተማርነው ጧትና ማታ ከቤት ትምህርት ቤት በእግር እየተመላለስን ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባን ወዲህ ግን ጉዟችን ከመኝታ ቤት ወደ ምግብ ቤት፥ ከምግብ ቤት ወደ ክፍል ሆኗል።

ስለ ልምምዱ ጥቂት እንበል። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ ሳንባ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን የፍጥነት ሠንጠረዥ እንዳለ መውሰድ ሰውን ተስፋ ያስቈርጣል። ሰዓት ከማየት ይልቅ ንግግርን መለኪያ ማድረግ ይሻላል፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ከሦስቱ አንዱ ረጅም ይሁን፤ እሱም በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ሜትር ቢጨመርበት ከ3 ተነሥቶ በአራት ወር ገደማ 18 ይደርሳል። 18 የሮጠ ሰው 21ዱን ይጨርሳል። ክረምት ለዚህ አይመችም፤ የኛን አገር ዋልካ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫማው ላይ ሌላ ጫማ ይለጠፍበታል። መስከረም ሲጠባ መጀመር ነው። ለስንቅ ከበሶ የሚሻል አላገኘንም። ጿሚዎች ረጅሙን ሩጫ ወደ ማታ፥ እህል ከቀመሱ በኋላ ያድርጉት፤ በባዶ ሆድና በጥም መሮጥ አይበጅም።

እንግዲህ ከማኅበሩ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ምዝገባው ለሁሉም፥ ለእኅቶቻችንም ለመምህሮቻችንም ክፍት ይሁን። መጨረሻው መሥመር ላይ የሚቆሙት ሰዎች ሦስት ሰዓት ሙሉ ይጠብቁ፤ ውሃውም ለኋለኞቹ ይትረፍ፤ ይበልጥ የሚጠማቸው እነሱ ናቸውና። ፈጣኖቹ ሽልማታቸውን ቢወስዱ ቅር አይለንም።

ልምምድ ለመጀመር የሚፈልግ ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት ተኩል በመኝታ ቤቱ በር ያገኘናል። የመጀመሪያው ቀን 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የደከመው በእግሩ ይሄዳል።