ከኮሶ እስከ በሶ፤ የቤት መጠጥ ለጤና ያለው ድርሻና ወሰን

(ለጤና ባለሙያዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በመካነ ኢየሱስና በእስቴ ደጋ፣ እንዲሁም በጋይንትና በስማዳ፣ በመጠጥ ሆድን ማጽዳት የሚለው ሐሳብ ከከተማ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በአባቶች ዘመን ኮሶ የሚጠጣበት ቀን ራሱን የቻለ ቀን ነበር። ጠጪው በማለዳ በባዶ ሆዱ መራራውን ጨልጦ ከቤቱ ይውላል፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለም እንግዳ ባለመቀበሉ ማንም አይቀየመውም። ዛሬ ደግሞ በየከተማው የዝንጅብል፣ የሎሚ፣ የቅጠላ ቅጠልና የፍራፍሬ ጭማቂ «መርዝ ያወጣል፤ ጉልበት ይሰጣል» እየተባለ ይወደሳል። ባለሙያ የሆነ ሰው አሮጌውንም አዲሱንም በአንድ ሚዛን ሊመዝን ይገባል።

ኮሶ የሚያወጣው ነገር በግልጽ የሚታወቅ ነው፤ ይኸውም ጥሬ የበሬ ሥጋ በመብላት የሚመጣው የኮሶ ትል ነው። የእንስቲቱ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደርን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለዚህ ዛፍ ጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም አበባው ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገብቷል። ይሁን እንጂ መጠኑ በግምት የሚለካ በመሆኑ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ የዓይን ብርሃን የጎዳበት ጊዜም ተመዝግቧል። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ባሉበት ዘመን ይህን አደጋ መቀበል አያሻም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሥጋን አብስሎ መብላት ነው።

ትልን የሚያስወጣ መጠጥ ስላለ፣ ከደም ውስጥ መርዝ የሚያጥብ መጠጥም አለ ማለት አይደለም። ኩላሊቶች በየቀኑ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ጉበትም ጎጂውን ነገር እየለወጠ ለመወገድ ያዘጋጃል። ይህን ሥራ የሚተካ ጭማቂ የለም። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም እግሩ ያበጠ ሰው በጭማቂ ተማምኖ ቢቆይ፣ የሚያባክነው የሕክምናውን ጊዜ ነው።

ይህ ሲባል ግን የቤት መጠጥ ይናቅ ማለት አይደለም። በሶ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ የመንገደኛና የገበሬ ስንቅ ነው፤ ብርታቱም ተአምር ሳይሆን ምግብነቱ ነው። ተልባ ተቆልቶና ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ የሆድ ድርቀትን ያለዝባል፤ ሆኖም ብዙ ውሃ ሊከተለው ይገባል። ፍራፍሬም ከተጨመቀ ይልቅ ሙሉውን ቢበላ ገለባው አይጠፋም። የስኳር በሽተኛ ማሩንና ጭማቂውን ሊመጥን ይገባል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም። የመበጥበጫው ውሃ ካልተፈላ ወይም በሌላ መንገድ ካልታከመ፣ ማጽጃ የተባለው መጠጥ ራሱ በሽታ ያመጣል።

እንግዲህ «ደከመኝ» ብሎ ለመጣ ሰው በሶ ጠጣ ብሎ ማሰናበት አይበቃም። ሳምንታት የዘለቀ ድካም የደም ማነስ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የስኳር በሽታ ወይም የመንጠቆ ትል ምልክት ሊሆን ይችላልና ምርመራ ይገባዋል። ከምርመራው አስቀድሞም በሽተኛው በቤቱ ምን እንደ ጠጣ በትሕትና ሊጠየቅ ይገባል። ተግሣጽን የሚፈራ በሽተኛ የጠጣውን ይሰውራል፤ የተሰወረውም ነገር የሐኪሙን ፍርድ ያሳስታል። የእናቶችን ጓዳ የሚያከብር ባለሙያ ግን ለምክሩ ሰሚ ጆሮ ያገኛል።